መልሶ የማይደውል ስልክ

እትዬ ለተክርስቶስ ስልክ ሲያነሱ የሱቃቸውን ስም አይናገሩም። «አቤት» ይሉና ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ደዋዩ ሳቅ ሳቅ እያለው «ለሰርግ ነበር» ካለ ድምፃቸው ይከፈታል፤ ስንት ሰው እንደተጠራ፣ ድንኳኑ በየትኛው ቀን እንደሚተከል፣ የሙሽራይቱ እናት ማን እንደሆነች ሳይቀር ይጠይቃሉ። ደዋዩ ጉሮሮውን ጠርጎ ዝም ካለ ግን ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሰው አጠገብ አለ?» ነው የሚሉት። አዎ ከተባሉ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉ የሚናገሩት እርሳቸው ናቸው። ለነገ ጠዋት ነው? አዎ። አንድ ድንኳን ይበቃል? አይ። ሰፈሩ ደጃች ውቤ ነው? እሪ በከንቱ? ሠራተኛ ሰፈር? እያሉ «አዎ» እስኪባሉ ድረስ አራዳን ቁልቁል ይወርዱታል።

ነገሩ ግልጽ ነው። አጠገብ ያለው ሰው ዘመድ የሞተበት፣ ገና ያልተረዳ ሰው ነው። መርዶ በጠዋት ነው የሚነገረው፤ ጎረቤትና ዕድርተኛ ግን ከዋዜማው ጀምሮ ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ድስቱን ማዘጋጀት አለበት፤ ያውም የሚረዳው ሰው ሳይጠረጥር። እኛ የሰርግና የለቅሶ ዕቃ አከራዮች ነን። ዕድሩ የራሱ ድንኳን ቢኖረውም ሲጠበው ወደ እኛ ይደውላል። ጎህ ሲቀድ የጭነት መኪናችን ከመንደሩ ጥግ ራቅ ብላ ትቆማለች፤ ጫኞቻችን ሞተሩን አጥፍተው ይጠብቃሉ፤ ጩኸቱ ሲሰማ ነው ድንኳኑን ተሸክመው የሚገቡት።

ከሁሉ የምትበልጠው ሕጋችን ግን መልሶ አለመደወል ናት። መስመሩ ቢቋረጥ፣ ደዋዩ አድራሻውን ሳይጨርስ ቢዘጋ፣ እትዬ ለተ ወደመጣው ቁጥር አይደውሉም። ራሱ እስኪደውል ይጠብቃሉ። «ስልክ የሰው ጓዳ ነው፤ ሳይጠሩሽ አትግቢ» ይሉኛል። ስልኩን ማን እንደሚያነሳው አይታወቅማ። ይህን በፒያሳ ዙሪያ ያለ የዕድር ዳኛ ሁሉ ያውቃል። «ለተ ቤት መልሶ አይደውልም» ይባላል፤ ከማስታወቂያ በላይ ሆኖላቸዋል።

እትዬ ለተ ከአክሱም አጠገብ ከምትገኝ መንደር በሙሽርነት ነው ፒያሳ የገቡት። ባለቤታቸው አቶ አብርሃ ዶሮ ማነቂያ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ክፍል ጥቂት ወንበሮችና አንድ ድንኳን ይዘው ሥራውን ጀመሩ። እርሳቸው ዕቃ ይዘው ሲወጡ ስልኩ ለሚስታቸው ይቀራል። ያኔ አማርኛዬ «አቤት» ላይ ያልቅ ስለነበር ነው ዝም ማለት የለመድኩት ይላሉ እየሳቁ። አሁንማ የአራዳ ልጅ ነገር ቢጥልባቸው ነገሩን ቋጥረው የሚመልሱለት ናቸው፤ ትግርኛቸው ብቅ የሚለው ደስ ሲላቸው ነው፤ ያን ጊዜ እኔን «ጓለይ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው። አቶ አብርሃ ካረፉ በኋላም ስልኩ ከእጃቸው አልወጣም።

እኔን የቀጠሩኝ እርጉዝ ሆኜ ነው። አሥረኛ ክፍል ጨርሼ፣ ሆዴ ገፍቶ፣ ሥራ ፍለጋ የዞርኩበት ሱቅ ሁሉ ሆዴን አይቶ ነገ ነይ ይለኝ ነበር። እትዬ ለተ ግን አዩኝና «ሳህን የሚቆጥረው እጅሽ ነው እንጂ ሆድሽ አይደለም» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ዕቃ ሲወጣም ሲገባም ቆጣሪዋ እኔ ነኝ። ልጄ ቃለጽድቅ በእኛ የወንበር ክምር መካከል ነው መዳህ የተማረችው።

ከዚያ መንገዱ ሲሰፋ የዶሮ ማነቂያው ሱቅም የእርሳቸው ቤትም ተነሱ። ሱቁ አምስት ኪሎ ከአንድ ፎቅ ጀርባ ገባ። ለእትዬ ለተ ደግሞ ገላን አዲስ ቤት ደረሳቸው። ቤቱን አልጠሉትም። ፀሐይ በሁለት መስኮት ትገባለች፣ ጎረቤቶቹም ደጎች ናቸው። ግን ከዚያ አምስት ኪሎ ድረስ ታክሲ በታክሲ ላይ ነው፤ ጉልበታቸው ደግሞ ደረጃ ባየ ቁጥር ይነጫነጭባቸዋል። ስልኩ ያለው ሱቁ ውስጥ ስለሆነ ግን በየቀኑ ይመጣሉ። ባንክ የሚሠራው አንድ ልጃቸው ሉልሰገድ አንድ ቀን ሱቅ መጥቶ እግራቸው አብጦ ሲያይ ተናደደ። «እማዬ፣ ወይ ስልኩ ገላን ይምጣልሽ፣ ወይ አንቺ ቤትሽ ተቀመጪና ስልኩን ሌላ ያንሳው» አለ።

እትዬ ለተ የያዙትን ብርጭቆ መወልወል ቀጠሉ፤ እኔ ግን ብርጭቆው ከተወለወለ ቆይቶ እንደነበር አይቻለሁ። ባላቸውን ቀብረዋል፣ ሰፈራቸውን ለቀዋል። ስልኩንም ከተቀሙ ከዚያ ከገላን መስኮት ሥር ተቀምጠው ምን እንደሚጠብቁ አላውቅም ነበር።

ሞባይል ይያዙ ብንል አይሆንም። ያ የቤት ስልክ ቁጥር በየዕድሩ መዝገብ የተጻፈ፣ ሰዎች በቃላቸው የያዙት ነው። ሰው ሲሞትበት አዲስ ቁጥር የሚፈልግ የለም። ስለዚህ ሉልሰገድ የኢንተርኔት ስልክ የሚሉትን አመጣ። ቁጥሩ ያው የድሮው ሆኖ፣ ጥሪው በሽቦው ፈንታ በኢንተርኔት ይመጣል፤ አንዱ መሣሪያ አምስት ኪሎ፣ ሌላው ገላን ሊጮኽ ይችላል። አገልግሎቱን የሚሸጡ ድርጅቶች ብዙ ስለሆኑ አጥንተሽ ምረጪ ተባልኩ። ለምን እኔ? ለልጄ የካርቱን ቪዲዮ ስከፍት ስላዩኝ ኢንተርኔት አዋቂ መስያቸው ነው። እኔም አልካድኩም፤ ሥራ ሲሰጡኝ እወዳለሁ።

ሁለት ሰዎች አነጋገርኩ። አንዷ ረይሀና ትባላለች፤ ቢሮዋ ከሱቃችን ፊት ያለው ፎቅ ላይ ነው፤ ብዙ የማትናገር ሴት። ስለ ዋጋውም ስለ መሣሪያውም ከመናገሯ በፊት ስልኩን ማን እንደሚያነሳ ጠየቀችኝ። እኔ አሮጊት ናቸው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል አልኳት፤ ሌላ ምን እንደምላት አላወቅሁም። ሁለተኛው ቴዎድሮስ ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አፉ ማር የሆነ ልጅ። የእርሱ አገልግሎት ሁሉም ነገር አለው። ሰው ባይኖርም ማሽን ያነሳል፣ ትእዛዝ ይቀዳል፣ ኮምፒውተር ላይ ይመዘግባል። ሉልሰገድ ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። እናቱ ከእንግዲህ በዝናብ ታክሲ ሰልፍ ላይ አትቆምም ማለት ነዋ። መጀመሪያ የቴዎድሮስን እንሞክር ተባለ።

የማሽኗን ድምፅ የሉልሰገድ የባንክ ጓደኛ ቀዳችለት። «እንኳን ወደ ለተ የሰርግና የለቅሶ ዕቃ ኪራይ በደህና መጡ። ለሰርግ አንድን፣ ለለቅሶ ሁለትን ይጫኑ» ትላለች፤ ድምፅዋ አውሮፕላን ላይ ምሳ የምታድል ነው የሚመስለው። ከጫኞቻችን ነገር የማያልቅበት መድኃኔ ሰምቶ፣ ከሚስቱ ጋር ለተጣላ ሦስት መጨመር አለበት አለ። እኔ ሳቅሁ። እትዬ ለተ ግን ደጋግመው አዳመጧት፤ አዳምጠው አዳምጠው፣ «ይቺ ልጅ ለሰርጉም ትስቃለች፣ ለለቅሶውም ትስቃለች» አሉ።

ቴዎድሮስ ገላን ሄዶ መሣሪያውን መስኮታቸው ላይ ተከለላቸው። ማሽኗ ካልቻለች ነው ወደ እርሳቸው የሚጮኸው። እርሷ ደግሞ የማትችለው ነገር የለም። መሣሪያው ገላን ድምፁ ጠፍቶ ተቀመጠ። ከሳምንት በላይ አልቻሉም፤ አንድ ቀን ከሰዓት በፊት በዚያው ባበጠ እግራቸው አምስት ኪሎ ብቅ አሉ። ምነው መጡ አልኳቸው። ስልኩ እኔን አይፈልግም፣ ብርጭቆ ልወልውል አሉና ከባንኮኒው ጀርባ ተቀመጡ። ማሽኗን አጥፊያት አጥፊያት አለኝ። ግን ለሉልሰገድ ምን እላለሁ? ትእዛዙ እየመጣ ነው፣ ምዝገባው ንጹሕ ነው፣ አንድም ጥሪ አልባከነም።

የዚያኑ ዕለት ከምሳ በኋላ ኮምፒውተሩ ላይ አዲስ ትእዛዝ ወጣ። ለቅሶ፣ ሁለት ድንኳን፣ ነገ ንጋት። ድምፁን ከፈትኩት። አቶ ካላዩ ናቸው፤ የሠራተኛ ሰፈር ዕድር ዳኛ። ሹክሹክታ በሚመስል ድምፅ ስብሰባው ነገ ጠዋት መሆኑን፣ ቦታው እነ ወርቅአፈራሁ ደጅ መሆኑን ተናግረው ዘጉ። ወርቅአፈራሁን በደንብ አውቃታለሁ። የወንበር ልብሶቻችንን የምትሰፋልን እርሷ ናት። ወንድሟ አጥናፉ ደሴ ላይ ታሞ መተኛቱንም ነግራኝ ነበር። እንግዲህ አርፏል ማለት ነው አልኩ በልቤ፣ አዘንኩላት።

ከትእዛዙ ሥር «ማረጋገጫ በአጭር መልእክት ለደንበኛው ተልኳል» የሚል ነበር። ይህን ሁልጊዜ ያደርጋል፤ ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። ያን ቀን ግን የተላከበትን ቁጥር አየሁት። መጨረሻው የማውቀው መሰለኝ። የራሴን ስልክ አውጥቼ ብጽፈው ስም አመጣልኝ፤ «ወርቅአፈራሁ ስፌት»።

አቶ ካላዩ የደወሉት በእርሷ ስልክ ነው።

እትዬ ለተ ፊቴን አይተው ምን ሆነሻል አሉኝ። ነገርኳቸው። ልደውልላትና መልእክቱን ሳታነብ እንድታጠፋው ላድርግ ብዬ ስልኬን ሳነሳ እጄን ያዙኝ። ምን ብለሽ ነው የምትደውዪው? ደውለሽ መልእክት አታንብቢ ከምትያት ነጋሪት ብትጎስሚባት ይሻላል አሉ። ከዚያ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሱ። ያ ደረጃ ባየ ቁጥር የሚነጫነጭ ጉልበት ያን ቀን ድምፁን አላሰማም። ከበሩ ላይ ፒያሳ የሚል ታክሲ ያዝን። ረዳቱ ሒሳብ ሲል ከፋይዋ እኔ ነበርኩ።

ወርቅአፈራሁ በሯን ከፍታ ከስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣለች። የሰው የሰርግ ቀሚስ ነው የምትሰፋው፤ መርፌ ቁልፍ በከንፈሯ ነክሳለች፣ ሁለት እጇ ከጨርቁ ጋር መርፌው ሥር ነው። ስልኳ የመኪናው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። አልሰማችም። ፊቷን እንዳየሁ አወቅሁ።

አይታን ደስ አላት። መርፌ ቁልፉን እንደነከሰች ቁጭ በሉ አለች። ከዚያ በአገጯ ወደ ስልኳ አመለከተችኝ።

«ምኞትዬ፣ ቅድም መልእክት ገብቷል፤ እጄ ተይዞብኝ ነው። እስኪ አንብቢልኝ። ከደሴ ይሆናል።»

ስልኩን አነሳሁት። «ለለቅሶ ያዘዙት ሁለት ድንኳን ተመዝግቧል። ስለመረጡን እናመሰግናለን» ይላል። ከሥሩም አድራሻዋ። እትዬ ለተ ከጎኔ ቆመዋል፤ አላዩኝም፤ የቀሚሱን ጥልፍ ነው የሚያዩት።

«የካርድ ነው» አልኳት። «ሞልተው ይሸለሙ ይላል።»

«ሁልጊዜ ይሸለሙ ነው፤ አንድ ቀን ሳሙና እንኳ ሸልመውኝ አያውቁም። አጥፊው።»

አጠፋሁት።

ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። ትእዛዝ ሲመዘገብ ማሽኗ ቆይታ ደግሞ በድምፅ ደውላ እንደምታረጋግጥ ትዝ አለኝ። ልጄ ብቻዋን ናት ምናምን ብዬ ወደ ውጭ ወጣሁና ለቴዎድሮስ ደወልኩ። እየተንተባተብኩ ነው የነገርኩት። ስለ አገልግሎቱ ሊያስረዳኝ፣ ሊከራከረኝ ይችል ነበር። አልተከራከረም። እናቴንም በጠዋት ነው ያረዷት፣ ገባኝ አለ። ወዲያው ሁሉንም ዘጋው፤ ማሽኗም፣ መልእክቱም፣ መደወሉም ቆመ። በሁለት እጁ ገመዱን ከግድግዳው የነቀለ ያህል ነው የተሰማኝ።

ስመለስ እትዬ ለተ ተቀምጠው የወንበር ልብስ ያዝዛሉ። ምክንያት መሆኑ ነው። ወርቅአፈራሁ ቀሚሱን ግድግዳው ላይ ሰቅላ ጨርቅ ታለካለች። እትዬ ለተ በወንበሮቹ የሚቀመጡት ሰዎች እየወፈሩ ነው፣ ሰፋ አድርጊው ይሏታል፤ እርሷ ሰዎቹ ሳይሆኑ ወንበሮችዎ ናቸው ያረጁት ትላቸዋለች። ሁለቱም ሳቁ። እንዲያ ያለ ሳቅ እንዴት እንደሚሳቅ እስከዛሬ አይገባኝም፤ ሰው ነገ የሚያለቅስበትን እያወቁ ዛሬ አብሮ መሳቅ። እኔ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ቀሚስ ሳይ ነው የዋልኩት።

ስንወጣ ካላዩን ጥግ ላይ አገኘናቸው፤ የመልእክቱን ነገር ነገርናቸው። የራሳቸው ስልክ ባትሪው አልቆ፣ ለስብሰባ ልደውልበት ብለው ነው የእርሷን የተዋሱት፤ የደወሉት ግን እርሷ እንዳትሰማ ከደጇ ወጣ ብለው ነው። ማሽን ሲያነሳ ግራ ገባቸው፤ ሁለትን ተጭነው፣ የሚባለውን ሳይጨርሱ ዘግተው መለሱላት። እኛ ስንገባ ከሩቅ አይተው ደንግጠዋል። ላብ አጥምቋቸው ነበር።

«እትዬ ለተ ቤት መልሶ አይደውልም ብዬ እኮ ነው» አሉ። «እሱን አምኜ ነው።»

እትዬ ለተ ግንባራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉላቸው፤ እንደ ሕፃን።

«ልክ ነህ ካላዩ። የኔ ቤት አይደውልም። ዛሬ እኔ ቤቴ አልነበርኩም።»

ያን ዕለት እትዬ ለተ ገላን አልሄዱም፤ እኔ ቤት አደሩ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የጭነት መኪናው ጋቢና ውስጥ ከመድኃኔ ጎን ተቀምጠው ጥግ ላይ ጠበቁ። ሽማግሌዎቹ ሲገቡ አየን፤ ከዚያ ጩኸቱ ተሰማ። መድኃኔ ያን ጠዋት አንድም ቀልድ አልተናገረም። ድንኳኑ ተተከለ፣ ወንበሩ ተዘረጋ፣ እትዬ ለተም ገብተው ከሴቶቹ ጋር አለቀሱ። አጥናፉን አያውቁትም፤ ግን ለእርሱ ብቻ አልነበረም ያለቀሱት መሰለኝ።

በሰልስቱ ሳህን ልሰበስብ ስሄድ ወርቅአፈራሁ ጠራችኝ። ካላዩ ነግረዋታል። ዓይኗ አብጦ፣ ድምፅዋ ተዘግቶ እጄን ያዘችኝ። ስለዋሸኋት ይቅርታ ልል ስጀምር አቋረጠችኝ።

«ያን ማታ ሽሮ ሠርቼ እስክጠግብ በላሁ፤ ጭልጥ አድርጎ የሚወስድ እንቅልፍም ተኛሁ» አለችኝ። «ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ያቺን አንዲት ሌሊት አልወሰዳችሁብኝም። እግዜር ይስጥልኝ።»

ሉልሰገድ ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ ከኋላችን ተቀምጦ ኖሯል፤ ሁሉንም ሰማ። በማግስቱ በምሳ ሰዓት ሱቅ መጣ፤ እናቱ ብርጭቆ ሲወለውሉ አገኛቸው። ፊታቸው በርከክ ብሎ እግራቸውን አየና ጫማቸውን ፈታላቸው።

«እማዬ፣ እኔ እግርሽን ላሳርፍ ብዬ ነበር» አላቸው።

«ወደይ» አሉት፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «እግሬን አሳርፈህ ጆሮዬን ሥራ ፈት አደረግኸው።»

ሳቀ፤ ዓይኑ ግን ረጥቦ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ እንግዲህ ምረጪ፣ እኔ አልገባበትም አለኝ።

ያኔ ነው የረይሀና ጥያቄ የመጣልኝ፤ ስልኩን ማን ነው የሚያነሳው ያለችው። ፎቁን ወጥቼ በቅጡ መለስኩላት። አሮጊት ናቸው ብዬ ሳይሆን፣ እንዴት እንደሚያነሱ፣ እንዴት ዝም እንደሚሉ፣ ለምን መልሰው እንደማይደውሉ ነገርኳት። ረይሀና እስክጨርስ ሰማችኝ። የእርሷ አገልግሎት ብዙ ነገር የለውም። ማሽን አያነሳም፣ መልእክት አይልክም፣ በራሱ ወደ ማንም አይደውልም። ቁጥሩ ያው ነው፤ ገላንም አምስት ኪሎም እኩል ይጮኻል፤ ገላን መብራት ቢጠፋ ትንሽ ባትሪ አለችው፤ ኢንተርኔቱም ቢቋረጥ ጥሪው እኔ ዘንድ ይቀራል። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ አለችኝ። ሌላ የምፈልገው አልነበረም፤ ሲያንስ ነበር የፈለግሁት።

ለቴዎድሮስ ራሴ ደውዬ ነገርኩት። አልተቀየመም። የእርሱን ማሽን ፒያሳ ያለ አንድ ኬክ ቤት ወስዶታል፤ እዚያ መልሶ መደወሉም ማመስገኑም ማለፊያ ነው። የልደት ኬክ የታዘዘለት ሰው ቀድሞ ቢሰማ ቢበዛ ይደሰታል እንጂ።

ረይሀና ገላን ሄዳ መሣሪያውን የተከለች ቀን አብሬያት ነበርኩ። እትዬ ለተ ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ ነጭ ለብሰው ጠበቁን። መጀመሪያ የመጣው ጥሪ የሰርግ ነበር፤ የሙሽራይቱን እናት አውቀዋት ኖሮ ጨዋታው ምሳ ሰዓት ድረስ ሄደ። እኔና ረይሀና ያቀረቡልንን የገብስ ጥሕሎ በልተን ስንጨርስ እርሳቸው ገና ስለ ሙሽራው አባት እየጠየቁ ነበር።

አሁን ሰው ሲደውል ሁለቱም ጋ ይጮኻል፤ እኔ እጄን ይዤ እጠብቃለሁ፤ ወዲያው መብራቷ አረንጓዴ ትሆናለች፤ አነሱት ማለት ነው። ከዚያ በሁለቱ መሣሪያዎች መካከል ባለችው የውስጥ መስመር ደውለው ምን እንደሚጫን ይነግሩኛል።

አንድ ነገር ግን አላሰብኩበትም ነበር። ረይሀና የውስጥ መስመሩ ሒሳብ እንደማይቆጥር ነግራቸዋለች። ይህን ከሰሙ ወዲህ ጠዋት ደውለው እንደምን አደራችሁ ይሉና፣ «አትዝጊው ጓለይ፣ እዚያው ባንኮኒው ላይ አስቀምጪው» ይሉኛል። ሌላ ጥሪ ሲመጣ ራሱ ስለሚጮኽላቸው ችግር የለውም። እኔም ድምፁን ከፍ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ። እንዲህ ሆነን እንውላለን። እርሳቸው ገላን መስኮታቸው ሥር ጥጥ ይፈትላሉ፤ እኛ እዚህ ወንበር እንከምራለን፤ መድኃኔ ይሳደባል፤ ቃለጽድቅ ስልኩ አጠገብ ተቀምጣ የፊደል ገበታዋን ታነብላቸዋለች፤ ከውጭ ረዳቶቹ ፒያሳ፣ ፒያሳ፣ ሁለት ሰው ይላሉ። አንዳንዴ እርሳቸው መኖራቸውን ረስተን ቆይተን፣ ከባንኮኒው ላይ ድምፃቸው ይመጣል።

«ምኞት፣ አሁን የወደቀው ሳህን ነው ብርጭቆ?»

«ብርጭቆ ነው እትዬ።»

«ስንት?»

«አንድ።»

የእንዝርቱ ድምፅ ይሰማኛል።

«እኔ ሁለት ነው የሰማሁት።»